ካርድ ወይም ስልክ አስጠግቶ መክፈል፦ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲያስቸግርስ ምን እንደሚደረግ

ንክኪ አልባ ክፍያ ሁለት ጉዞ አለው። የመጀመሪያው ከካርዱ ወይም ከስልኩ እስከ ፖስ ማሽኑ (ነጋዴው ክፍያ የሚቀበልበት መሣሪያ) ነው፤ ርዝመቱ ጥቂት ሳንቲሜትር፣ ጊዜው ግማሽ ሰከንድ አካባቢ። ሁለተኛው ከማሽኑ ተነሥቶ በነጋዴው ባንክና በካርድ ኔትወርኩ በኩል ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ ይሄዳል፣ መልስ ይዞም ይመለሳል። የሁለቱ ድንበር ማሽኑ «ጢጥ» የሚልበት ቅጽበት ነው። ድምፁ የሚናገረው «አንብቤ ጨርሻለሁ፣ ማንሣት ይቻላል» ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ተከፍሏል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ችግር ሲገጥም መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ የተቋረጠው ከጢጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው። በፊት ከሆነ ነገሩ የአንቴና፣ የአያያዝ ወይም የስልክ ሴቲንግ ነው። በኋላ ከሆነ የሒሳብ፣ የገደብ ወይም የኢንተርኔት ነው። ይህን ያልለየ ሰው ገንዘብ የሌለበትን ካርድ ማሽኑ ላይ ሲያሽ ይቆያል።

በጥቂት ሳንቲሜትር ውስጥ የሚሆነው

ቴክኖሎጂው ኤንኤፍሲ ይባላል፤ በ13.56 ሜጋኸርትዝ ድግግሞሽ ይሠራል። የዚህ ሞገድ ርዝመት 22 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በሁለትና በሦስት ሳንቲሜትር ርቀት ላይ በካርዱና በማሽኑ መካከል ያለው እንደ ራዲዮ ጣቢያ የሚሰራጭ ሞገድ ሳይሆን መግነጢሳዊ መስክ ነው። መስኩን የሚፈጥረው ማሽኑ ውስጥ ያለ ጥቅል ሽቦ ነው። በካርዱ ፕላስቲክ ውስጥም ዳር ዳሩን ጥቂት ዙር የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ። መስኩ በዚህ ጥምጥም ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ቺፑም በዚያው ኃይል ይነቃል። ካርዱ ባትሪ የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ከማሽኑ ሲርቅ ወዲያው ይጠፋል።

መስኩ ከጥቅል ሽቦው ስፋት ካለፈ በኋላ በርቀቱ ኩብ ልክ ይደክማል፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በወረቀት ላይ እስከ 10 ሳንቲሜትር ይባላል፤ በተግባር የሚያስተማምነው ግን ከ4 ሳንቲሜትር በታች ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ካርድ በስሕተት እንዳይነበብ የሚያደርገው ይኸው መድከሙ ነው።

ካርዱ ሲመልስ የራሱን ሞገድ አያሰራጭም። ከመስኩ የሚወስደውን ኃይል በፍጥነት ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ማሽኑም በራሱ ጥቅል ሽቦ ላይ የሚፈጠረውን ያን ጥቃቅን ለውጥ እያየ ያነባል። እየጮኹ የሌላውን ሹክሹክታ ለመስማት እንደ መሞከር ነው። በመሀል ብረት ሲገባ፣ ሌላ ካርድ ሲደረብ ወይም ርቀቱ በሁለት ሳንቲሜትር ሲጨምር መጀመሪያ የሚጎዳው የቺፑ ኃይልና ይህ ደካማ መልስ ነው። ከዚህ በታች የሚመጡት የንባብ ችግሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚህ ይመነጫሉ።

ማሽኖቹና ካርዶቹ የሚግባቡበት የራዲዮ ደረጃ አይኤስኦ/አይኢሲ 14443 ነው። «ኤ» እና «ቢ» የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ የክፍያ ማሽኖች ሁለቱንም ስለሚያነቡ ተጠቃሚውን አያሳስበውም። በጃፓን የተስፋፋው የሶኒ ፌሊካ ሌላ ዓይነት ነው። ኖኪያ፣ ፊሊፕስና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2004 የኤንኤፍሲ ፎረምን አቋቁመው እነዚህን ዘዴዎች በአንድ ጥላ ሥር ለማምጣት ሠርተዋል። ፍጥነቱ ከ106 ኪሎቢት በሰከንድ ይጀምራል። ከዛሬ ኢንተርኔት አንጻር ኢምንት ነው፤ ለአንድ ክፍያ የሚለዋወጡት መረጃ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ይበቃል። ብሉቱዝ ከዚህ እጅግ ይፈጥናል፤ ሆኖም መሣሪያ ፈልጎ እስኪያጣምር ድረስ እዚህ ክፍያው አልቋል።

ከማሽኑ ጋር የሚደረገው ንግግር

ቺፑ እንደነቃ ማሽኑ መስኩ ውስጥ ያለው አንድ ካርድ ብቻ መሆኑን ያጣራል። ቀጥሎ በካርዱ ላይ የትኞቹ የክፍያ መተግበሪያዎች እንዳሉ ይጠይቃል፤ ቪዛ፣ ማስተርካርድ ወይም የአገር ውስጥ ኔትወርክ ሊሆን ይችላል። ካርዱ ዝርዝሩን ከነቅደም ተከተሉ ይሰጣል፣ ማሽኑም የሚያውቀውን ይመርጣል። ከዚያ ማሽኑ የክፍያውን መጠን፣ የገንዘቡን ዓይነት፣ ቀኑንና በዚያች ቅጽበት የፈጠረውን የዘፈቀደ ቁጥር ለካርዱ ይልካል።

ዋናው ሥራ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ በውስጡ ከቶ የማይወጣ ምስጢራዊ ቁልፍ አለው፤ ክፍያ በፈጸመ ቁጥር በአንድ የሚጨምር ቆጣሪም አለው። የተላከለትን መረጃ ከቆጣሪው ጋር አድርጎ በቁልፉ ያሰላና ክሪፕቶግራም የሚባል የአንድ ጊዜ ኮድ ያወጣል። ካርዱን የሰጠው ባንክ የቁልፉን አቻ ስለያዘ ያንኑ ስሌት ደግሞ ሠርቶ ያመሳክራል። አንድ ሰው ልውውጡን በሙሉ ቀድቶ ነገ ሊጠቀምበት ቢሞክር ቆጣሪውም የዘፈቀደ ቁጥሩም ስለሚለያይ ባንኩ ይጥለዋል።

ካርዱን ማሽኑ ላይ ረዘም አድርጎ መያዝ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል የሚለው ስጋትም እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። አንድ የክፍያ ትእዛዝ አንድ ክሪፕቶግራም ብቻ ይቀበላል። ሁለተኛ ለማስከፈል ነጋዴው መጠኑን እንደገና ማስገባት አለበት።

ይህ ልውውጥ የሚመራበትን ሕግ የሚጽፈው ኢኤምቪኮ የተባለው ድርጅት ነው፤ በማሽንና በካርድ መካከል ያለው ልውውጥ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ እንዲያልቅ ታልሞ የተሠራ ነው። ስልክ ከዚህ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል።

ካርድን ስልክ ላይ ማስገባት

ስልክ ለማሽኑ ራሱን እንደ ካርድ አድርጎ ያቀርባል። ማሽኑ ልዩነቱን ማወቅ አያስፈልገውም፤ ስልኮች ሳይታሰቡ የተተከሉ የቆዩ ንክኪ አልባ ማሽኖች ዛሬ ስልክ የሚቀበሉት ለዚህ ነው። ቁልፉ የሚቀመጥበት ቦታ ግን ይለያያል። አይፎን ለብቻው በተለየ ጥብቅ ቺፕ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው 4.4 ስሪት ጀምሮ ያለዚያ ቺፕም በሶፍትዌር ካርድ መምሰል ይችላል፤ ያኔ ስልኩ ለጥቂት ክፍያ የሚበቁ ቁልፎችን ከሰርቨር እየተቀበለ ይይዛል። ልዩነቱ በተግባር የሚታየው ኢንተርኔት ሲጠፋ ነው። በሶፍትዌር የሚሠራው ያለ ኢንተርኔት ጥቂት ጊዜ ከፍሎ የያዘው ቁልፍ ሲያልቅ ይቆማል፤ አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ይመለሳል። በጥብቅ ቺፕ የሚሠራው ለመክፈል ብቻ ከሆነ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

አገባቡ እንዲህ ነው፦

1. ስልኩ የስክሪን መቆለፊያ ይኑረው፤ ፒን፣ አሻራ ወይም ፊት። ያለ መቆለፊያ ዋሌቱ፣ ማለትም ካርዶቹን የሚይዘው የስልኩ መክፈያ መተግበሪያ፣ ካርድ አይቀበልም። በኋላ መቆለፊያውን ቢያጠፉት ደግሞ የገቡት ካርዶች ይሰረዛሉ፤ «ካርዴ ከስልኬ ጠፋ» ከሚሉት ብዙዎቹ ይህን ያደረጉ ናቸው።

2. በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ «ኤንኤፍሲ» ብለው ይፈልጉና ያብሩት። እዚያው አካባቢ ለንክኪ አልባ ክፍያ ዋና ሆኖ የሚያገለግለው መተግበሪያ የትኛው እንደሆነ ይመርጣሉ። ሁለት ዋሌት ወይም የባንክ መተግበሪያና ዋሌት አብረው ካሉ ይህን መዝለል አይገባም። በአይፎን ማብሪያ የለውም፤ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው።

3. ዋሌቱን ከፍተው ካርዱን በካሜራ ያንሡት ወይም ቁጥሩን ይጻፉ። ባንኩ ካርዱን በዋሌት የሚደግፍ መሆን አለበት፤ ካልደገፈ በስልኩ በኩል የሚደረግ ምንም መፍትሔ የለም።

4. ባንኩ ባለቤቱ እርስዎ መሆንዎን በአጭር መልእክት በሚልከው ኮድ ወይም በራሱ መተግበሪያ ያረጋግጣል። ኮዱን የሚጽፉት በእጅዎ ባለው ስልክ ላይ ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ ከታች እንመለስበታለን።

5. ባንኩ ሲያጸድቅ ወደ ስልኩ የሚወርደው የካርዱ ቁጥር ሳይሆን ቶከን የሚባል ምትክ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ለዚያ ስልክ ብቻ የተሰጠ ነው። አንዱን ካርድ ስማርት ሰዓትዎ ላይም ቢያስገቡት ሰዓቱ ሌላ ቶከን ያገኛል።

አምስተኛው ነጥብ ሁለት መዘዝ አለው። በደረሰኝ ላይ የሚታዩት የመጨረሻ አራት አኃዞች ፕላስቲኩ ላይ ካሉት ይለያሉ፤ ዕቃ ሲመልሱ ነጋዴው ካርድ እንዲያስጠጉ ከጠየቀዎት የከፈሉበትን ያንኑ ስልክ ወይም ሰዓት ያስጠጉ። በመግቢያና በመውጫ በር ካርድ የሚነበብበት ትራንስፖርት ላይ ደግሞ በስልክ ገብቶ በሰዓት መውጣት እንደ ሁለት ተሳፋሪ ያስቆጥራል።

አምራቹ ያልፈቀደው የሥርዓት ለውጥ የተደረገበት አንድሮይድ፣ ማለትም ሩት የተደረገ ወይም ቡትሎደሩ የተከፈተ፣ ካርዱን ቢቀበል እንኳ ማሽን ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ዋሌቱ የስልኩን ንጽሕና ይፈትሻል።

ሲያስጠጉ

መጠኑ ማሽኑ ላይ ከታየ በኋላ ያስጠጉ፤ ከዚያ በፊት መስኩ ላይበራ ይችላል። የሚነበበው ቦታ አራት ቅስት መስመሮች ያሉት ምልክት የተሳለበት ነው። አንዳንዱ ማሽን በስክሪኑ ላይ፣ አንዳንዱ ከስክሪኑ በላይ፣ አንዳንዱ በጎኑ ያነባል፤ ምልክቱን ሳይፈልጉ የቁጥር መጫኛው ላይ ማስጠጋት የተለመደ ስሕተት ነው።

ካርዱን ጠፍጣፋውን ወደ ማሽኑ አድርገው፣ ሊነካ ሲል ወይም ነክቶ፣ አንድ ሰከንድ ያህል ሳያንቀሳቅሱ ይያዙ። እንደ ማራገቢያ ማወዛወዝ ወይም ገና ብልጭ ሲል መንጠቅ ንግግሩን በመሀል ይቆርጠዋል። በብዙ ማሽኖች ላይ አራት ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች አሉ፤ አራቱም በርተው ጢጥ ሲል ያንሡ። በጠርዙ ማስጠጋትም አይሠራም፤ መስኩ በጥምጥሙ መሀል ማለፍ ካልቻለ ኃይል የለም።

በስልክ ሲሆን ዋናው ጥያቄ አንቴናው የት ነው የሚለው ነው። በአይፎን ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ ነው፤ የስልኩን አናት ያስጠጉ። በአንድሮይድ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው መሀል ወይም ከካሜራው ሥር ነው። በእርግጠኝነት ለማወቅ አንድሮይዱን ከፍተው፣ ስክሪኑ እንደበራ፣ ንክኪ አልባ ካርድ ከጀርባው ላይ ቀስ እያሉ ያንሸራትቱ። ስልኩ ድምፅ የሚያሰማበት ወይም የሚነዝርበት ቦታ አንቴናው ያለበት ነው። ማሽን ላይ የሚያስጠጉት ያንን ነጥብ እንጂ መላ ስልኩን አይደለም።

የፊት መለያ ያለው አይፎን የጎኑ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ፊት ይጠይቃል። አንድሮይድ መክፈት ይበቃዋል። ስልኩ ላይ የሚመጣው የ«እሺ» ምልክት ከጢጡ አይበልጥም፤ ስልኩ የእኔን ድርሻ ተወጥቻለሁ ማለቱ ነው።

ከጢጡ በፊት ሲያስቸግር

ማሽኑ ምንም ምላሽ ካልሰጠ በመጀመሪያ የኪስ ቦርሳውን ይመልከቱ። በቦርሳው ውስጥ ሁለት ንክኪ አልባ ካርዶች ካሉ ማሽኑ ሁለቱንም ሲያይ በሕጉ መሠረት አይቀጥልም፤ «አንድ ካርድ ብቻ ያቅርቡ» ይላል። የባሰው ደግሞ አንዱ ካርድ ደክሞ ሌላው ብቻ ሲነበብ ነው፦ ክፍያው ባላሰቡት ካርድ ይወጣል። የመታወቂያ፣ የሆቴል በርና የቢሮ መግቢያ ካርዶችም በዚሁ ድግግሞሽ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ ለመክፈል ባያገለግሉም መስኩን ይሻማሉ። መፍትሔው ካርዱን አውጥቶ ለብቻው ማስጠጋት ነው።

ስልክ ላይ ተጠርጣሪው ከቨሩ ነው። የብረት ሳህን ያለበት፣ ማግኔት የተለጠፈበት ወይም ካርድ የሚይዝ ከቨር ችግር ያመጣል። ብረት በመስኩ ውስጥ ሲገባ በላዩ የሚሽከረከር ኤሌክትሪክ ይፈጠርና የራሱን ተቃራኒ መስክ ያወጣል፤ አንቴናው የተቃኘበትን ድግግሞሽም ያዛባዋል። ከቨሩን አውልቀው ሲሞክሩ ከሠራ ምክንያቱ ተገኝቷል። ተራ ፕላስቲክ፣ ቆዳና ጎማ አይከለክሉም፤ የሚያደርጉት ርቀት መጨመር ብቻ ነው።

ካርዱ በአንድ ማሽን እምቢ ብሎ በሌላው ከሠራ ችግሩ የማሽኑ ነው። በሁሉም ማሽን እምቢ እያለ ቺፑን ወደ ውስጥ ሲያስገቡት ግን ከሠራ፣ በፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ጥምጥም ተበጥሷል ወይም ከቺፑ ጋር ያለው ግንኙነት ለቋል። ካርድ በኋላ ኪስ ይዞ መቀመጥ፣ ማጠፍና ለቁልፍ መያዣ ብሎ መብሳት ይህን ያመጣሉ። አይጠገንም፤ ባንኩ ይተካዋል። በአንጻሩ ጥቁሩ መግነጢሳዊ መስመር መፋቁ ንክኪ አልባውን ክፍያ አይነካውም።

አዲስ ካርድ ከሆነ ሌላ ምክንያት አለ። ብዙ ባንኮች የመጀመሪያው ክፍያ ካርዱ ማሽን ውስጥ ገብቶ በፒን እስኪደረግ ድረስ ንክኪ አልባውን አይከፍቱም። በባንኩ መተግበሪያ ውስጥ የሚበራና የሚጠፋ ሊሆንም ይችላል። ካርዱ ላይ የአራቱ ቅስት ምልክት ከሌለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንቴና ጨርሶ የለውም።

ስልኩ ማሽኑን አይቶ «ሌላ መተግበሪያ ይክፈቱ» ወይም ተመሳሳይ ነገር ካለ የዋና ዋሌት ምርጫው ተዛብቷል፤ ወደ ሴቲንጉ ይመለሱ። ማሽኑ «ስልክዎን ይመልከቱ» ካለ ስልኩ አሻራ ወይም ፒን እየጠበቀ ነው፦ ይክፈቱና እንደገና ያስጠጉ። ይህ እንደ ውድቀት አይቆጠርም፤ አንዳንድ ስልኮች ሁልጊዜ በሁለት ማስጠጋት ነው የሚከፍሉት።

ባትሪው ያለቀ ስልክ በተለመደው መንገድ አይከፍልም። ከአይፎን ኤክስኤስ ጀምሮ ያሉ የተመረጡ አይፎኖች ለፈጣን ትራንስፖርት (ስልኩን ሳይከፍቱ በትራንስፖርት በር ላይ ለመክፈል) የተመዘገበን ካርድ ከጠፉ በኋላ እስከ 5 ሰዓት ያህል ሊያስነብቡ ይችላሉ፤ ለመደብር ክፍያ ግን አይሆንም።

ከጢጡ በኋላ ሲያስቸግር

ጢጥ ካለ በኋላ የሚመጣ እምቢታ ከአያያዝ ጋር አይገናኝም። ደጋግሞ ማስጠጋት አያድነውም።

«ካርዱን ያስገቡ» ወይም «ፒን ያስገቡ» የሚል ሲመጣ ገደብ ላይ ደርሰዋል። ያለ ፒን የሚፈቀደው የአንድ ክፍያ ጣሪያ በየአገሩና በየባንኩ ይለያያል። ከእሱ ሌላ የሚከማች ቆጠራም አለ፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለምሳሌ ባንኩ ድምሩ 150 ዩሮ ሲያልፍ ወይም አምስት ተከታታይ ክፍያ ሲሞላ ማንነት እንደገና ማረጋገጥ አለበት። ትንሽ ክፍያ ላይ ድንገት ፒን የሚጠየቀው ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ በቺፕና በፒን ሲከፍሉ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስልክ በአሻራ ወይም በፊት ስለሚያረጋግጥ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጣሪያ አይመለከተውም፤ አንዳንድ ማሽኖች ግን በከፍተኛ ክፍያ ላይ ለስልክም ፒን ይጠይቃሉ።

«ተቀባይነት አላገኘም» ከሆነ መልሱን የሰጠው ባንኩ ነው፦ ሒሳቡ አልበቃም፣ ካርዱ ታግዷል፣ የቀን ገደብ ሞልቷል ወይም ክፍያው አጠራጥሯል። ነጋዴው ማሽን ላይ ዝርዝሩ ስለማይታይ ከእሱ ጋር መከራከር ዋጋ የለውም። የባንኩን መተግበሪያ ይክፈቱ።

አስቸጋሪው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ማሽኑ ጢጥ ብሎ፣ «በመገናኘት ላይ» እያለ ቆይቶ መልስ ሳያመጣ ይቀራል። ጥያቄው ባንክ ደርሶ መልሱ በመንገድ የቀረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ማሽኑ የመሰረዣ መልእክት ይልካል፤ እስኪደርስ ግን ገንዘቡ በሒሳብዎ ላይ እንደተያዘ ሊታይ ይችላል። እንደገና ከማስጠጋት በፊት ነጋዴው በማሽኑ ላይ ያለውን የክፍያ ዝርዝር ይክፈት፣ እርስዎም የባንክዎን መልእክት ይመልከቱ። ሁለቱም ጋ ከሌለ እንደገና መክፈል ይቻላል። በእርስዎ በኩል ተይዞ በማሽኑ ዝርዝር ላይ ከሌለ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይለቀቃል፤ ካልተለቀቀ ቀኑን፣ ሰዓቱንና መጠኑን ይዞ ለባንኩ ማመልከት ነው።

ማሽኑን ለሚይዝ ነጋዴ

ፖስ ማሽኑን በብረት ጠረጴዛ ላይ ወይም በብረት ማቆሚያ ውስጥ አያስቀምጡ፤ በብረት ከተከበበ የንባብ ርቀቱ ይቀንሳል። ከሥሩ ወፍራም እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን። ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ተጠጋግተው ከሆነ አንዱ የሌላውን መስክ ይረብሻል፤ አንድ ክንድ ያህል ማራራቅ ይበቃል። የንባብ ቦታው ላይ የብረት ቀለም ያለው ተለጣፊ ወረቀት አይለጥፉ።

መጠኑን አስገብተው፣ ማሽኑን አዙረው ለደንበኛው አሳይተው ከዚያ ያስጠጉ ይበሉት። ማሽኑን ወደ ካርዱ ማምጣት እንጂ የደንበኛውን ካርድ ከእጁ መውሰድ አያስፈልግም።

ዕቃውን የሚያስረክቡት በማሽንዎ ስክሪን ላይ «ጸድቋል» የሚለውን አይተው ነው። የደንበኛው ስልክ ላይ የታየው የእሺ ምልክት፣ ጢጡም ሆነ አራቱ መብራት ማስረጃ አይደሉም።

ስልክን ራሱን ማሽን አድርገው የሚቀበሉ ከሆነ የንባቡ ቦታ የስልክዎ አንቴና ነው፤ ከላይ በተነገረው ዘዴ ፈልገው ለደንበኛው በጣትዎ ያሳዩት። የስልክ አንቴና ትንሽ ስለሆነ የስልክ ከስልክ ክፍያ ከካርድ ይበልጥ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንቴና ለአንቴና ካልተገጣጠሙ አይነበብም።

ደህንነት፦ የሚያሰጋውና የማያሰጋው

ሰው በተጨናነቀበት ቦታ አንባቢ ይዞ ኪስ የሚያስጠጋ ሌባ ብዙ ይወራለታል። ከተለመደ ካርድ በዚህ መንገድ የሚነበበው ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ነው፤ በጀርባ ያለው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥርና ፒኑ አይነበቡም። ከስልክ ደግሞ ተቆልፎ ሳለ በተለመደው ሁኔታ ምንም አይወጣም። የሚሸጡት መከላከያ ኪሶች መስኩን መዝጋታቸው እውነት ነው፤ ተራ የአልሙኒየም ፎይልም ይዘጋል። ዋና ጥቅማቸው ግን ሌባ ከመከላከል ይልቅ ካርዶች እንዳይምታቱ ማድረጉ ላይ ነው።

ክሪፕቶግራሙን መስበር ስለሚከብድ አጭበርባሪዎች ርቀቱን ማታለል መርጠዋል። አንድ መሣሪያ ከካርዱ አጠገብ፣ ሌላው ከማሽኑ አጠገብ ሆነው ንግግሩን በኢንተርኔት ያስተላልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የበርሚንግሃምና የሰሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለፈጣን ትራንስፖርት በተመዘገበ የቪዛ ካርድ ከተቆለፈ አይፎን ላይ ከንክኪ አልባ ገደብ በላይ የሆነ ክፍያ ማስወጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። ይህን አገልግሎት የማይጠቀሙበት ከሆነ በሴቲንግ ውስጥ ያጥፉት።

ለተራ ሰው የበለጠ የሚያሰጋው እ.ኤ.አ. በ2024 ኢሴት የተባለው የደህንነት ኩባንያ ኤንጌት ብሎ ይፋ ያደረገው ዓይነት ተንኮለኛ መተግበሪያ ነው። የባንክ መስሎ ስልክ ላይ ይጫናል፣ «ካርድዎን ከስልክዎ ጀርባ አስጠግተው ፒን ያስገቡ» ይላል፤ የካርዱን ንግግር ለአጭበርባሪው ስልክ ያስተላልፍና በዚያ በኩል ገንዘብ ይወጣል። ደውሎ ወይም ሊንክ ልኮ እንዲህ የሚያዝዎት ሰው «ከባንክ ነኝ» ቢልም እንኳ አይስሙት።

ቀላሉና የተለመደው ማጭበርበሪያ ደግሞ የካርድ ቁጥርዎን ቀድሞ ያገኘ ሰው ካርዱን በራሱ ስልክ ዋሌት ላይ ማስገባቱ ነው። የሚጎድለው ወደ እርስዎ የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ ብቻ ነው። መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ካርድ ወደ ዋሌት ስለ መጨመር የሚናገርና እርስዎ ያልጀመሩት ከሆነ ኮዱን ለማንም አይስጡ፣ ለባንኩም ወዲያው ያሳውቁ። ኮዱ ከተሰጠ በኋላ አጭበርባሪው በራሱ አሻራ ስለሚከፍል በብዙ ቦታ ያለ ፒን የመክፈያ ጣሪያው አያግደውም።

ስልክ ወይም ካርድ ሲጠፋ

ስልኩ ከጠፋ ከሌላ መሣሪያ ወደ አፕል ወይም ወደ ጉግል አካውንትዎ ገብተው ይቆልፉት፤ ከዚያ ለባንኩ ደውለው በዚያ ስልክ ላይ ያለው ቶከን እንዲዘጋ ይጠይቁ። ፕላስቲኩ ካርድ ሳይታገድ ቶከኑ ብቻውን ሊዘጋ ይችላል፤ ስለዚህ ባለማወቅ ካርዱን ጭምር እንዳያሳግዱ «ስልኩ ላይ ያለው ብቻ» ብለው ይግለጹ። ስልክ ከመሸጥዎ ወይም ለሰው ከመስጠትዎ በፊትም ካርዶቹን ከዋሌቱ ያውጡ።

የጠፋው ካርዱ ከሆነ ባንኩ አግዶ አዲስ ይሰጣል። ስልኩ ላይ ያለው ቶከን ብዙ ጊዜ በራሱ ከአዲሱ ካርድ ጋር ይያያዛል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተያያዘ አሮጌውን ከዋሌቱ ሰርዘው አዲሱን ከመጀመሪያው ያስገቡ።